ትሪያችን ሚዛን ላይ የወጣ ዕለት

አንድ ነገር ልናዘዝና ልጀምር። ይህ ጉድ እስኪደርስብኝ ድረስ ምግብ የማልወድ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። በፋብሪካው በር ሆዴ ቀድሞ ከገባ በኋላ እኔ ተከትዬው እስክደርስ ዘበኛው ሰላምታውን ጨርሶ፣ ወንበሩ ላይ ተመልሶ፣ እግሩን አነባብሮ ይጠብቀኛል። ያም ሆኖ ለጠየቀኝ ሁሉ ‹‹አጥንቴ ነው ወፍራም›› እል ነበር። ማስረጃዬም የማያወላዳ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከአፌ የሚወጣው ወሬ እንጂ ወደ አፌ የሚገባ ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የምሠራው ቃሊቲ ውስጥ አንድ የዱቄትና የማካሮኒ ፋብሪካ ነው። ሥራዬ ሚዛን ነው። ስንዴ የጫነ መኪና ሲገባ ከነጭነቱ እመዝነዋለሁ፤ አራግፎ ሲወጣ ባዶውን እመዝነዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ላይ ሁለተኛውን ስቀንስ ጭነቱ ይታወቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ሰው ደግሞ ሲከርም ዓለምን የሚያየው በሥራው ነው። ለቅሶ ቤት ሄጄ እንኳ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሲገባ ሳይ፣ በልቤ ‹‹ይሄ ገና አላራገፈም›› ማለቴ አይቀርም።

ከሚዛን ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንዲት ጠረጴዛ አለች። ለአሥራ አንድ ዓመት አራት ሰዎች ምሳ ዕቃችንን አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን የምንበላው እዚያች ላይ ነው። አንደኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ የመጋዘን ኃላፊ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ጆንያ ሲደረደር ግማሽ ጣት ከመስመር ከወጣ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው። ሁለተኛዋ ከማሸጊያ ክፍል አስኒ ናት፤ ምላሷ ከማሽኑ ቢላዋ ይልቅ ይቆርጣል። ሦስተኛው የፎርክሊፍት ሹፌሩ ቶሌራ ነው። ፋብሪካው የቆመበት ቦታ የአያቱ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ስለዚህ ከድርሻው አለፍ አድርጎ ሲጎርስ ከተናገርነው ‹‹የአያቴን እርሻ ነው የምበላው፣ እናንተን ምን አገባችሁ?›› ይለናል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ድርሻዬ ማሳቅ ነው።

ትሪያችን ሕግ አላት። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይገባም፤ ቶሌራ ባይጾምም እንኳ ለትሪው ብሎ ይጾማል። ስለ አለቃ አይወራም፤ የሚወራው ስለ አለቃ ብቻ ቢሆንም። ዋናው ሕግ ግን ማንም ለብቻው አይበላም የሚለው ነው።

እንግዲህ ይህቺን ትሪ ነው በአንድ ሰኞ ጠዋት ላጣት የነበረው።

የዓመቱ የጤና ምርመራ ነበር። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ብርቱካን ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን የምትችል ግን እንደ እናቴ የምታስፈራኝ ወጣት ናት። ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሆዴን አየችው።

‹‹አቶ ጌቱ፣ ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ነው። ትንሽ ከገፋ በሽታ ይሆናል›› አለችኝ።

‹‹ድንበር ላይ ከሆነ ይፈተሽና ይመለስ›› አልኳት።

አልሳቀችም። ይህቺ ልጅ በቀልዴ ስቃ አታውቅም፤ ለዚህ ነው የምፈራት።

‹‹በቀን ምን ምን ይበላሉ?››

‹‹ምንም።››

እርሳሷን አነሣች።

‹‹እሺ፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ። ማታ ባለቤቴ ያቀረበችውን። ቀን ደግሞ እዚሁ።››

‹‹እዚህ ምን ያህል?››

‹‹ከትሪ ነው የምንበላው፣ ሲስተር።››

‹‹አውቃለሁ። ከትሪው የእርስዎ ድርሻ ምን ያህል ነው?››

ይህ ጥያቄ ነው? ወንዝ ዳር ወስዶ ‹‹ከዚህ ውሃ የጠጣኸው የቱን ነው?›› እንደማለት እኮ ነው። እሷ ግን አንዲት ትንሽ ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ።

‹‹ወደ አፍዎ የገባውን ሁሉ ዓይነቱንና መጠኑን ይጻፉልኝ። እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ አትክልቱ መመጣጠኑን ሐሙስ ቁጭ ብለን እናያለን። ከትሪው ምን ያህል እንደሚበሉ ማወቅ ካልቻሉ ግን ከዓርብ ጀምሮ ለብቻዎ በሳህን ይበላሉ።››

‹‹ለብቻዬ?››

‹‹ለብቻዎ።››

ክኒን ብትለኝ እውጥ ነበር። መርፌ ብትለኝ እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እሰጣት ነበር። ለብቻዬ በሳህን! ቀልዱን ለማን ልነግር ነው፣ ለሽሮው?

ምሳ ላይ ለጓደኞቼ ሞት እንደተፈረደበት ሰው አድርጌ አወራኋቸው።

‹‹እኔ ሲስተርን እደግፋለሁ›› አለች አስኒ። ‹‹አንተ ከተነሳህ ሌላ ሁለት ሰው እንቀጥርበታለን።››

‹‹ሁለት አይበቃም›› አለ ቶሌራ።

‹‹ተዉት እስቲ›› አሉ ጋሽ ደምሴ። ‹‹ጌቱ፣ እንካ ጉረስ፤ ሐሙስ ሩቅ ነው።›› ጉርሻቸው ሁልጊዜም የጡብ ያህል ነው። ተቀበልኳቸው።

በዚያው ቀን ጉርሻዬን ልቆጥር ሞከርኩ። አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ አንድ ሹፌር በሬ ጭኖ ስለመጣበት ቀን ማውራት ጀመርኩ፤ በሬው ሲወርድ ቁጥሩም ጠፋኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ተሳቢ እየመዘንኩ ሳለ ብርሃን በራልኝ። ለመሆኑ እኔ ከዚህ መኪና በምን እለያለሁ? ባዶ እገባለሁ፣ ጭኜ እወጣለሁ። ከምሳ በፊት ሚዛን ላይ ብወጣ፣ ከምሳ በኋላ ብወጣ፣ ልዩነቱ ምሳዬ ነው። የመኪናው ሚዛን ለእኔ ትንሽ ቢበዛም (ብዙ አይደለም) ለጆንያ የምንጠቀምባት፣ መቶ ግራም እንኳ የማታመልጣት አንዲት ሚዛን አለችን። ወጣሁባት። ዘጠና አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ምሳ በላሁ፣ ውሃ ሳልጠጣ ተመልሼ ወጣሁ። ዘጠና ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።

አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ።

ሚዛኗ ተበላሽታለች አልኩ። የታሸገ የሃምሳ ኪሎ ዱቄት አምጥቼ ጫንኩባት። ሃምሳ፣ ንቅንቅ የለም። የተበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

የሆነው ሆኖ መዝገቡን እንደ ሥራዬ ወግ አሳምሬ ጻፍኩ፦ ‹‹ባዶ ሲገባ 91.4፤ ጭኖ ሲወጣ 93.2፤ የተጣራ ጭነት 1.8 ኪሎ፤ የጭነቱ ዓይነት፦ ምሳ።›› ፊርማዬንም አኖርኩበትና እየተኩራራሁ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሲስተር ብርቱካን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

‹‹አቶ ጌቱ፣ እርስዎ የጭነት መኪና ነዎት?››

‹‹ያለ ተሳቢው፣ ሲስተር።››

‹‹ከዚህ ውስጥ ጎመኑ ስንት ነው? እንጀራውስ? ደግሞ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ የአንድ ሰው ምሳ ነው? የሌሎቹ ስንት ነው?›› ደብተሩን መለሰችልኝ። ‹‹ሐሙስ ነገ ወዲያ ነው።››

እንግዲህ ያለኝ ረቡዕ ብቻ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ምሳ ሰዓት የጆንያዋን ሚዛን በጋሪ እየገፋሁ ጠረጴዛችን አጠገብ አቆምኳት። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ምግቡ በየዓይነቱ ተመዝኖ ይገለበጣል፤ አራታችንም ከምሳ በፊትና በኋላ እንመዘናለን፤ ውሃ የሚጠጣ የለም። የሁላችንም ሲደመር ከትሪው ከጎደለው ጋር ከገጠመ ለሲስተር የማያከራክር ሰነድ ይዤ እሄዳለሁ።

ቶሌራ ሳይጠየቅ ወጣ። አስኒ ወገቧን ያዘች።

‹‹ኪሎዬን አንተ አይተህ ልትዘፍንበት ነው? ዞር በሉ ሁላችሁም።››

ዞር አልን። ራሷ ወጣች፣ ራሷ አየች፣ ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጽፋ ጨበጠችው። የምትነግረን ልዩነቱን ብቻ እንደሆነ ተስማማን።

ጋሽ ደምሴ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

‹‹እኔ አልመዘንም። ጆንያ ነኝ እንዴ?››

‹‹ጋሽ ደምሴ፣ አንዴ ብቻ።››

‹‹አልኩህ እኮ። እናንተ ተመዘኑ።››

‹‹የእርስዎ ካልተመዘነ ሒሳቡ አይገጥምም። ካልገጠመ ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ እኔ ለብቻዬ ነኝ።››

ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያኔ ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተነሥተው ሚዛኗ ላይ ወጡ። ‹‹እሺ። ላንተ ስል ነው›› አሉ።

እንጀራው ሁለት ኪሎ ሆነ። የአስኒ ሽሮ ሰባት መቶ ግራም፣ የጋሽ ደምሴ ምስር አምስት መቶ፣ የቶሌራ ድንች አራት መቶ፣ ባለቤቴ የሠራችው ጎመን ሦስት መቶ። በጠቅላላው ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።

መጀመሪያ ላይ የፈተና ክፍል መሰልን፤ ሁሉም የሌላውን እጅ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ግን እኔ ወሬዬን ጀመርኩ፣ አስኒ ሰደበችኝ፣ ቶሌራ ትን አለውና ውሃ ከለከልነው፣ ጋሽ ደምሴም እንደ ልማዳቸው ‹‹እንካ፣ እንካ›› እያሉ አጎረሱኝ። እጃቸው ከትሪው አይለይም፤ ይቆርሳሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ያጠቅሳሉ። ትሪው ጸዳ። ለመታጠብ እንኳ ውሃ ሳንነካ ተመልሰን ተሰለፍን።

ቶሌራ፣ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ። ‹‹ለአያቴ እርሻ ይህ ምኗ ነው›› አለ።

አስኒ ዞር አስባለችን፣ መዳፏን ገልጣ ቀነሰች። ‹‹ዘጠኝ መቶ ግራም።››

እኔ ያው እንደ ትናንቱ፣ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ።

ጋሽ ደምሴ ወጡ። ቁጥሯ ተወዛወዘችና ቆመች። ወረቀቴን አየሁ። ሚዛኗን አየሁ። ደግሜ ወረቀቴን አየሁ።

ዜሮ።

አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ፣ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ፤ ሲደመር ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ሒሳቡ አንድ ግራም ሳይጎድል ገጥሟል። ጋሽ ደምሴ ምንም አልበሉም።

እዚህ ላይ ነው ሥራዬ ጉድ የሠራኝ። እኛ ዘንድ አንድ መኪና ሲገባና ሲወጣ ክብደቱ እኩል ከሆነ አላራገፈም ማለት ነው፤ ማጭበርበር አለ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ አፌ ሳላስብ ተከፈተ።

‹‹ጋሽ ደምሴ፣ ባዶ ገብተው ባዶ ወጡ እኮ። ምግቡን የት አደረሱት?››

ፊታቸው ተቀየረ። ‹‹ሚዛንህ ነው የተበላሸው።››

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የሃምሳ ኪሎውን ዱቄት አምጥቼ ጫንኩት። ሃምሳ ሆነ። ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን ቆለፉ። ባዶ ምሳ ዕቃቸውን አንሥተው ወደ መጋዘን ሄዱ።

‹‹ደስ አለህ?›› አለችኝ አስኒ። ‹‹ትልቁን ሰውዬ እንደ ጆንያ መዝነህ ሌባ አደረግኸው።››

‹‹ሌባ አላልኩም።››

‹‹ታዲያ ምን አልክ?››

ሚዛኗን በጋሪ ጭኜ ወደ ቦታዋ ገፋኋት።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ጋሽ ደምሴ አልመጡም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሦስታችን ትሪውን ከበን ተቀመጥን። ቶሌራ እንኳ የአያቱን እርሻ ረሳው። ከሰዓት በኋላ ሲስተር ትጠብቀኛለች፤ ሰነዴ በኪሴ ነው፣ ሒሳቡም ገጥሟል፤ ትሪው ግን ከዓርብ በፊት ሊፈርስብኝ ነው። ተነሣሁ።

መጋዘኑ ውስጥ በመስመር ከተደረደረው ጆንያ ጀርባ አገኘኋቸው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዘው ዳቦ እየነከሩ ይልሳሉ። መሐረባቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። መሐረቡ ላይ ጥርስ አለ።

‹‹መጣህ?›› አሉ፤ አፋቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ድምፃቸው ልስልስ ብሎ። ‹‹በል እንግዲህ፣ እየው። ካስተከልኩት ሁለት ወር ሆነኝ። ሳኝክበት ድዴን ይቆርጠዋል።››

‹‹ሁለት ወር ሙሉ ምሳ አልበሉም?››

‹‹ማታ ቤት ልጄ ሾርባ ትሠራልኛለች። አልሞትኩም።››

‹‹ለምን አልነገሩንም?››

‹‹ለማን? ላንተ?›› ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ‹‹የዘበኛውን መላጣ ስንት ወር ቀለድክበት? በጋውን ሙሉ ያን የሱፍ ኮፍያ ሳያወልቅ ከረመ። የእኔን ጥርስ ብታይማ እስከ ጡረታዬ ድረስ መግቢያና መውጫ ታሳጣኝ ነበር። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፤ በሰላም ልጨርሰው ብዬ ነው።››

‹‹ታዲያ የሚያጎርሱኝ...››

‹‹አፍህ ሲሞላ አታወራም። ካላወራህ ሰዎቹ ወደ አንተና ወደ እኔ አይዞሩም፤ አፌን የሚያይ የለም። እኔም የጠቀለልኩትን አንድ ቦታ ማድረስ አለብኝ። ካንተ የሰፋ ቦታ ከየት አመጣለሁ?››

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ደቂቃ አንድ ቀልድ መጣልኝ። ስለዚያ መሐረብ። በሕይወቴ ከመጡልኝ ሁሉ የምትበልጥ፣ ፋብሪካውን በሙሉ ለአንድ ሳምንት ሥራ የምታስፈታ ቀልድ ናት። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት። ለእናንተም አልነግራችሁም።

‹‹ይነሡ›› አልኳቸው። ‹‹ሲስተር ጋ አብረን እንሂድ።››

‹‹እኔ ምን ሠራሁ?››

‹‹እኔ ነኝ የሠራሁት። ምሳዎን ስበላ ከረምኩ።››

ሲስተር ብርቱካን ወረቀቴን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ጫፍ እየነካች አነበበችው። የጋሽ ደምሴን ድድ አየች፤ ጥርሱን ወደሠራላቸው ሐኪም ተመልሰው እንዲያስተካክሉት ደብዳቤ ጻፈችላቸው፤ እስከዚያው ለስላሳ ነገር ብቻ ብላ አዘዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

‹‹እንጀራው ብቻውን ከግማሽ በላይ ነው። ጎመኑ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። አራታችሁም እንደዚህ ነው የምትበሉት?››

‹‹ሦስታችን ብቻ›› አልኩ።

‹‹አስኒ ዘጠኝ መቶ ግራም። እርስዎ ልክ የሷን እጥፍ። ይህ የሁለት ሰው ምሳ ነው፤ አንደኛው የእርስዎ ነው፣ ሌላኛው የእሳቸው።››

‹‹ገብቶኛል። ሲስተር፣ ነገ ዓርብ ነው። ትሪው ላይ ልቀመጥ ወይስ በሳህን?››

እርሳሷን አስቀመጠች። ጋሽ ደምሴ ሳይጠየቁ ጣልቃ ገቡ።

‹‹ይቀመጥ፣ ልጄ። እሱ ከሌለ ዝም ብለን ልንበላ ነው እንዴ?››

ሰውዬውን ልብ በሉልኝ። ከእኔ አፍ ሸሽተው ሁለት ወር የተራቡ ሰው ናቸው።

‹‹የጠየቅኋቸው ድርሻቸውን እንዲያውቁ ነበር፤ አውቀዋል›› አለች ሲስተር። ‹‹ይቀመጣሉ። እንጀራው ይቀነስ፣ ጎመኑ ይጨመር። አቶ ጌቱን ደግሞ ማንም አያጎርሳቸውም።›› ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች፤ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ላስቃት ስሞክር የከረምኩባት ልጅ፣ ምንም ሳልቀልድ ሳቀችልኝ።

ዓርብ ዕለት አስኒ ድንች ቀቅላ አድቅቃ አመጣች። ቶሌራ በፔርሙዝ ሾርባ ይዞ መጣ። ባለቤቴ የጉልቱን ጎመን ግማሹን ገዝተህ መጣህ ብላ ማታ ተጣልታኝ ነበር፤ በጠዋት ተነሥታ ግን ሁሉንም ቀቅላ ላከችው። ጋሽ ደምሴ ጥርሳቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ አፋቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡ። የተነፈሰ የለም። በልማድ ትንሽ ለስላሳ እንጀራ በሾርባ አርሰው ጠቀለሉና እጃቸው ወደ እኔ መጣ። መንገድ ላይ ቆመ። አዩኝ። አየኋቸው። እጃቸውን መልሰው ራሳቸው ጎረሱት። አንድ ከባድ መኪና በጠባብ በር ወደ ኋላ ሲገባ እንደሚያይ ሰው ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ተመለከትናቸው፤ እስኪውጡት።

ይህ ከሆነ ከረመ። ስኳሬ ከድንበሩ ወደ አገሩ ተመልሷል። ሆዴም አሁን አሁን ከእኔ ጋር እኩል በር ይገባል። የጋሽ ደምሴ ጥርስ ተስተካክሎ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ያውም ሆን ብለው በጆሮዬ ሥር፣ የማወራው እንዳይሰማ። ቀልድ አልተውኩም፤ ብተወው ምኔ ይቀራል? ግን ቀልዴ ሲመጣ መጀመሪያ ማን ኮፍያውን እንደሚጎትት፣ ማን አፉን በእጁ እንደሚሸፍን አያለሁ። ያን ካየሁ እውጣለሁ። ቀልድ ደግሞ ስኳር የለውም፣ የፈለጋችሁትን ያህል ዋጡ።

እናንተም ሐኪም የበላችሁትን ጻፉ ቢላችሁ ጻፉ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ራሴ መስክሬያለሁ። ግን ከትሪ የምትበሉ ከሆነ የራሳችሁን ጉርሻ ብቻ ቆጥራችሁ አትነሡ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲያጎርሳችሁ ተቀበሉና አንዴ አፉን እዩት፤ እየበላ ነው? ካልበላ፣ በናታችሁ፣ ሚዛን እየገፋችሁ አትምጡበት። ጠጋ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። እሱ እስኪመልስላችሁ ድረስ ደግሞ እናንተ ዝም በሉ። እኔ ይህቺን ዝምታ ለመማር ሃምሳ ዓመትና አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ፈጅቶብኛል።